የገና ዛፍ መቼ ይነሳ? እንዴትስ ይነሳ?

ዲሴምበር 25 ባለፈ ማግስት ውጭ አገር ያለ ሐበሻ የሚያየው ነገር አለ። የጎረቤት ጥድ በር ላይ ተጥሏል። እኛ ገና ጾም ላይ ነን። ዶሮው አልተገዛም፣ ሽንኩርቱም አልተከተፈም። አዲስ አበባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ዛፉ ይቆምና ይረሳል። ጥምቀት ያልፋል፣ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ ፀጉር ቤቱ ጥግ ያለው ዛፍ ግን አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል።

የእኔ ምክር አጭር ነው። የቤት ዛፍ ከልደት በፊት አይነሳ፣ ከከተራም አይለፍ። ከዚህ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛፉ እውነተኛ የተቆረጠ ጥድ ከሆነና ከደረቀ ቀን አይጠበቅለትም፤ በዚያው ዕለት ይውጣ።

ግራ እንዳንጋባ፣ ከዚህ በታች ጃንዋሪና ዲሴምበር ስል የፈረንጁን፣ ታኅሣሥና ጥር ስል የእኛን አቆጣጠር ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ለምን ከተራ? በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከልደት እስከ ጥር 10 ያለው ጊዜ ዘመነ ልደት ይባላል። ጥር 11 ጥምቀት ሲሆን ዘመነ አስተርዮ ይገባል። ስለዚህ የልደቱ ወቅት ራሱ በከተራ ይዘጋል። እርግጥ ዛፉ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አይደለም። ከፈረንጅ የመጣ ነው፣ የማይወዱት መምህራንም አሉ። ያን ክርክር እዚህ አላነሳም። ቤት ውስጥ ከቆመ ግን የሚነሳበት ቀን ያስፈልገዋል፣ ከዚህ የተሻለ ቀን ደግሞ አላገኘሁም።

የከተራ ዕለት ግን ዛፍ ማንሳት አይሞከርም። ታቦት ሊሸኝ የወጣ ሰው ማታ ደክሞት ነው የሚመለሰው። ከከተራ በፊት ያለውን ቅዳሜ ወይም እሑድ ያዙ። ለምሳሌ በ2019 ዓ.ም. ልደት ሐሙስ ይውላል፣ ጥምቀት ማክሰኞ። ስለዚህ የሚመቸው ቅዳሜ ጥር 8 ወይም እሑድ ጥር 9 ነው፤ በፈረንጅ ጃንዋሪ 16 ወይም 17።

በየአራት ዓመቱ ቀኑ ትንሽ ይንሸራተታል። በዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ይከበራል፣ ጥምቀት ግን ከጥር 11 ፍንክች አይልም። በፈረንጅ ሲታይ ልደት ያው ጃንዋሪ 7 ሆኖ ጥምቀት ወደ ጃንዋሪ 20 ይሄዳል። 2020 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነው። አንድ ቀን ትርፍ አገኛችሁ ማለት ነው።

"ጎረቤት ምን ይለናል?" የምትሉ ካላችሁ፣ ፈረንጆቹም ራሳቸው አልተስማሙም። እንግሊዞች ከጃንዋሪ 5 ወይም 6 ማሳለፍ ገደቢስ ነው የሚሉ አሉባቸው። ጀርመን ውስጥ ብዙ ቤት ጃንዋሪ 6፣ የሦስቱ ነገሥታት በዓል ሲያልፍ ያነሳል። በብዙ ከተሞች ወጣት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በየሰፈሩ እየዞሩ ዛፉን ይሰበስባሉ፣ ሰውም ጥቂት ሳንቲም ይሰጣቸዋል። ስዊድን ውስጥ እስከ ጃንዋሪ 13፣ የገና ወቅት እስከሚዘጋበት ክኑት ቀን ይቆያል። ያን ዕለት ልጆች ዛፉን ከበው ይጨፍራሉ፣ የተንጠለጠለውን ከረሜላ ይበላሉ፣ ከዚያ ዛፉ ወደ ውጭ ይጣላል። እስከ ፌብሩዋሪ 2 የሚያቆዩ ካቶሊኮችም አሉ። ስለዚህ ጃንዋሪ 7 ላይ ዛፋችሁ ቆሞ ቢታይ ማንም የሚደነቅ አይደለም። ለሚጠይቅ "የእኛ ገና ዛሬ ነው" ማለት በቂ ነው። ቡና ጠጣ ብትሉት ደግሞ የበለጠ ይገባዋል።

ውጭ ላላችሁ፣ የቆሻሻ መኪናውን ቀን እወቁ

ዛፋችሁ ፕላስቲክ ከሆነ ይህን ክፍል ዝለሉት።

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ከተሞች እውነተኛውን ጥድ ከበር ላይ በነፃ ያነሳሉ፣ ግን በጃንዋሪ ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት ወይም ሳምንታት ብቻ። ቀኑ ካለፈ ዛፉን በመጋዝ ቆራርጣችሁ ከጓሮ ቆሻሻ ጋር ማውጣት ወይም በመኪና ጭናችሁ መውሰድ የእናንተ ፈንታ ይሆናል። ዲሴምበር ላይ የከተማችሁን የጽዳት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ክፈቱና ሦስት ነገር እዩ፤ የመጨረሻውን ቀን፣ የሚፈቀደውን የዛፍ ርዝመትና በፌስታል መጠቅለል ይቻል እንደሆነ። ኒውዮርክ ለምሳሌ ዛፉ ያለ ፌስታል፣ ያለ መብራት፣ ያለ ጌጥና ያለ ማቆሚያ ራቁቱን እንዲወጣ ነው የምትፈልገው። ምክንያቱም ተፈጭቶ መናፈሻ ውስጥ የዛፍና የአበባ ሥር ይለብሳል። የከተማዋ መናፈሻ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ "መልችፌስት" የሚባል ዝግጅት አለው። ዛፋችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ በተወሰኑ ቦታዎች እዚያው ፊታችሁ ተፈጭቶ ፍጩን ለአትክልት እንዲሆናችሁ በከረጢት ይሰጧችኋል። ልጅ ያላችሁ ውሰዷቸው፣ ማሽኑን ይወዱታል።

የመጨረሻው የመኪና ቀን ከልደት በኋላ ከከተራ በፊት ከወደቀ፣ ለመኪናው እጅ ስጡ። ለአራትና ለአምስት ቀን ብላችሁ ዛፍ በመኪና ጣሪያ ላይ አትጎትቱ። አፓርትመንት የምትኖሩ ደግሞ የኪራይ ውላችሁን እዩ። ጨርሶ እውነተኛ ጥድ የማይፈቅዱ ሕንፃዎች አሉ፤ የበር ጌጥ እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚወስኑም አሉ።

እዚህ ላይ ስለ መግዣው ቀንም ልናገር፣ ምክንያቱም የማንሻውን ቀን የሚወስነው እሱ ነው። አሜሪካኖች ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ከሚውለው የምስጋና በዓል፣ ከታንክስጊቪንግ ማግስት ጀምረው ይገዛሉ። ያኔ የተገዛ ዛፍ ለእኛ ልደት ሲደርስ ስድስት ሳምንት ገደማ ይሆነዋል። የተቆረጠ ጥድ ደግሞ ውኃ ሳይለየው እንኳ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ቢቆይ ነው። ስለዚህ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ታገሡ፣ ቢቻል ከዚያም በኋላ ግዙ። ዋጋውም ይቀንሳል። ግን ከዲሴምበር 24 በኋላ ሻጩ ጠቅልሎ ይሄዳልና ያን አታሳልፉ። ቤት ስታደርሱት ግንዱን ከሥር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እንደገና ቁረጡት። አለበለዚያ ሙጫው ደርቆ ይዘጋውና ውኃ አይስብም።

ደርቋል ወይስ አልደረቀም?

ይህን ከልደት ሳምንት ጀምራችሁ በየቀኑ እዩ። አንድ ቅርንጫፍ በሁለት ጣት ያዙና ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጉ። ቅጠሉ እጃችሁ ላይ ከቀረ ደርቋል። አንዱን ቅጠል አጠፍ አድርጉት። እርጥቡ ይተጣጠፋል፣ ደረቁ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሌላው ምልክት ውኃው ነው። ማቆሚያው ውስጥ ያለው ውኃ ለሁለት ቀን ካልጎደለ ዛፉ መጠጣት አቁሟል።

ደረቅ ጥድ ቀልድ አይደለም። እሳት ከነካው ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ክፍሉን በሙሉ ሊይዝ ይችላል። ባልዲ ውኃ ለማምጣት የምትሮጡበት ጊዜ እንኳ የለም። እኛ ቤት ደግሞ ፈረንጁ ቤት የሌለ ነገር አለ። በዓል ነውና ቡና ይፈላል፣ ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ቄጠማው ወለሉ ላይ ተጎዝጉዟል። ብዙ ጊዜ ረከቦቱ የሚቀመጠው ለፎቶ እንዲያምር ዛፉ ሥር ነው። ዛፉ ላይ ደግሞ በረዶ ይመስላል ተብሎ ጥጥ ተለጥፎበታል። ደረቅ ጥድ፣ ጥጥ፣ ደረቅ ቄጠማና የእሳት ፍንጣሪ በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ! ቡናውን ወደ ሌላው የክፍሉ ጥግ ውሰዱት። ፎቶው ይቅር።

አዲስ አበባ መንገድ ዳር የሚሸጠው የጥድ ቅርንጫፍ ከዚህ ሁሉ ቶሎ ይደርቃል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ባልዲ ውስጥ በደረቅ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነው የሚያቆመው። አሸዋውን ውኃ አጠጡት፣ በየቀኑም ጨምሩ። ያም ሆኖ ከልደት በኋላ ብዙ አይቆይም። ከተራን ሳትጠብቁ ልደት ባለፈ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብታወጡት ይሻላል። ቄጠማውም አብሮት ይጠረግ።

አሁን ወደ ሥራው

አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። አሮጌ አንሶላ፣ ሁለት ሦስት ካርቶን፣ ጋዜጣ፣ ፕላስተር፣ እስክሪብቶና የእንቁላል መያዣ ካርቶን አዘጋጁ። ዛፉ ረጅም ከሆነ መሰላል አምጡ። ወንበር ላይ ትራስ ደርቦ መውጣት የበዓል ሰሞን ወጌሻ ቤት ያስኬዳል።

1. ሶኬቱን ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፣ ከግድግዳው ይነቀል። መብራቱ የድሮው ዓይነት ከሆነ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

2. የዛፉን አቋም ወዳችሁት ከሆነ ከመነካቱ በፊት በስልክ አንሱት። በሚመጣው ዓመት "ኮከቡን እንዴት ነበር ያሰርነው?" የሚል ክርክር ይቀራል።

3. አንሶላውን ዛፉ ሥር ዘርጉ። የሚወድቀው ብልጭልጭም ሆነ ቅጠል እዚያው ይሰበሰባል።

4. ከላይ ጀምራችሁ ጌጡን አውርዱ። መጀመሪያ ኮከቡ፣ ከዚያ የሚሰበረው ኳስ፣ ከዚያ የቀረው። ትንንሽ ኳሶች የእንቁላል ካርቶን ውስጥ ልክክ ብለው ይገባሉ። ትልልቆቹን በጋዜጣ ጠቅልሉ። ልጆች ትምህርት ቤት የሠሩትን ለብቻ አስቀምጡ፤ ከሁሉ የማይተካው እሱ ነው። ፈንዲሻ ወይም ብስኩት ተሰክቶ ከነበረ ግን ይጣል። አይጥ የሚጠራው እሱ ነው።

5. ብልጭልጩንና ጥጡን አንሱ። ጥጡ አቧራ ጠጥቶ ከሆነ አትሰስቱለት፣ ጣሉት። ሌላ ጥጥ ርካሽ ነው።

6. መብራቱ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ፣ የብዙ ቤት መብራት የሚሞተው ዛፉ ላይ ሳይሆን በዚህ ሰዓት ነውና። ሲጠመጠም ከታች ወደ ላይ ከሄደ ሲፈታ ከላይ ወደ ታች ይምጣ። አንድ ሰው ይፍታ፣ ሌላው ይቀበል። ከያዘ አትጎትቱ፣ ሽቦው ከአምፖሉ ሥር ይላቀቃል። የተፈታውን አራት ማዕዘን አድርጋችሁ በቆረጣችሁት ካርቶን ላይ ጠምጥሙት። ሶኬት የሚሰካው ጫፍ መጨረሻ ላይ ከውጭ ይቅር። እንዲህ ከሆነ በሚመጣው ዓመት ሳትፈቱት ሰክታችሁ ታዩታላችሁ።

ከመቀመጡ በፊት አንዴ ሰክታችሁ ሞክሩት። ግማሹ የማይበራ፣ ሽቦው የተላጠ ወይም አይጥ የቀመሰው ከሆነ አሁኑኑ ይወገድ። "ለከርሞ እናስጠግነዋለን" የሚባል መብራት ለከርሞም እንደዚያው ነው የሚገኘው። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ባትሪውን አውጡ። ውስጡ ከተረሳ ይፈስና መያዣውን ይበላዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለዘመድ መብራት ለሚልኩ። የአሜሪካ መብራት ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ ኢትዮጵያ ያለው 220 ነው። ቀጥታ ከተሰካ ያን ዕለት ያበቃለታል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። በዩኤስቢ ወይም በባትሪ የሚሠራውን ላኩ። የአሜሪካው ዓይነት ቤታችሁ ካለ ካርቶኑ ላይ "120" ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት።

7. ዛፉ ፕላስቲክ ከሆነ ከላይኛው ክፍል ጀምራችሁ አውልቁ። ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ አጥፋችሁ ወደ ግንዱ ጨምቁና በጨርቅ ቁራጭ እሰሩ። በፕላስተር አትሰሩት፣ ሲላጥ ቅጠሉን ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱን ክፍል "ላይ"፣ "መካከል"፣ "ታች" ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ወደ መጣበት ካርቶን ለመመለስ አትታገሉ፣ አይገባም። በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላችሁ ማዳበሪያ ውስጥ ማስገባት ይቀላል።

8. ዛፉ እውነተኛ ከሆነ መጀመሪያ ማቆሚያው ውስጥ የቀረውን ውኃ በስፖንጅ ወይም በኩባያ ቅዱ። ይህ ከተረሳ ምንጣፉ ይበላሻል። ከዚያ አንድ ሰው ግንዱን ይዞ ሌላው ብሎኑን ያላላ። ዛፉን አንሶላው ላይ አስተኙ፣ ጠቅልሉት፣ ከግንዱ በኩል አስቀድማችሁ በበሩ አውጡት። በጫፉ በኩል ከሄደ ቅርንጫፎቹ በሩ ላይ ይከፈቱና ቅጠሉ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ይራገፋል። እጃችሁ ላይ የተጣበቀውን ሙጫ በሳሙና አትፍተጉ። ትንሽ የምግብ ዘይት ቀቡት፣ ከዚያ በሳሙና ይለቃል።

9. ወለሉን መጀመሪያ በመጥረጊያ፣ ቀጥሎ በቫኪዩም። ቀጥታ በቫኪዩም ከተጀመረ ቅጠሉ ቱቦውን ይዘጋል። የቀረውን የሶፋ ሥር ቅጠል ለፋሲካ ጽዳት ተዉት፤ እስከዚያ ራሱ ይወጣል።

የወጣው ጥድ የት ይሂድ?

ውጭ አገር ቤት ውስጥ የእሳት ምድጃ ያላችሁ፣ እባካችሁ ጥዱን እዚያ አታንድዱት። ሙጫው ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ የጭስ ማውጫው ውስጥ ይጋገርና በኋላ እሱ ራሱ በእሳት ይያያዛል። ለእንስሳት ማቆያ እንስጠው የሚል ሐሳብም ይመጣል። በርሊን ውስጥ ዝሆኖች ጥድ ይበላሉ፣ እውነት ነው፤ የሚሰጣቸው ግን ሳይሸጥ የተረፈው ነው። ከሰው ቤት የወጣ ዛፍ የብልጭልጭና የሽቦ ቁራጭ ስለሚኖርበት አይቀበሉም።

አዲስ አበባ ውስጥ ቅርንጫፉን ቆራርጣችሁ ማዳበሪያ ውስጥ ካደረጋችሁ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ይወስዱታል። ሙሉውን በር ላይ ማቆም ግን አያስወስድም። ግቢ ያለው ሰው ለማገዶ ቢያደርገው ጥሩ ነው፣ ውጭ ምድጃ ላይ እስከሆነ ድረስ። ጥድ ሲነድ ይፈነጥቃልና ልጆችን አርቁ። ብልጭልጭ ከላዩ ላይ አንድም እንዳይቀር። የፕላስቲኩ ጭስ እንጀራው ላይ ነው የሚያርፈው።

በማሰሮ የተተከለ ጥድ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፣ ግን ቤት ውስጥ ከአሥር ቀን በላይ አታቆዩት። ብርድ አገር ከሆናችሁ ከሞቀ ሳሎን ቀጥታ በረዶ ላይ አታውጡት። ጥቂት ቀን ጋራዥ ወይም በረንዳ ላይ ይልመድ።

ሱቅ፣ ሆቴል፣ ቢሮ

ለንግድ ቤት ጥምቀት ማግስት ቁርጥ ቀን ይሁን። ከዚያ በኋላ የቆመ ዛፍ የሚናገረው ስለ በዓሉ ሳይሆን ስለ ቤቱ ጽዳት ነው። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ማን እንደሚያነሳው ሲቆም ይወሰን። "የሁላችንም" የሆነ ዛፍ ማንም አያነሳውም፣ መጨረሻ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል። የእሷ ሥራ አይደለም።

ማስቀመጫ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዕቃ ቤት የለም፣ ስለዚህ ዛፉ ቁም ሳጥን ላይ፣ ጌጡ አልጋ ሥር ነው የሚሄደው። ግቢ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ካላችሁ መሬት ላይ አታስቀምጡት። ሐምሌና ነሐሴ እርጥበቱ ካርቶኑን ያበሰብሰዋል፣ የብረት ማቆሚያውን ያዝገዋል። ሁለት ጡብ ወይም አሮጌ ጣውላ ከሥር አድርጉለት። መብራቱን ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ብታስገቡ አይጥ አይደርስበትም።

ካርቶኑን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ የጎደለውን ጻፉ። "ኮከቡ ተሰብሯል፣ ኤክስቴንሽን አጥሯል፣ የኳስ መስቀያ አልቋል።" ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይም ያዙት፣ ካርቶኑ ሲከፈት ሱቁ ተዘግቶ ይሆናል። ውጭ ያላችሁ ደግሞ በዚህ አንድ ነገር ከፈረንጁ ትበልጣላችሁ። ዲሴምበር 26 ጠዋት ሱቆች የገና ጌጥ ዋጋ በጣም ያወርዳሉ። ለእነሱ የከርሞ ዕቃ ነው፣ ለእኛ ግን ልደት ገና 12 ቀን ይቀረዋል።